የሐኪሞች ወንፈል

ሽንፋ ውስጥ የውባንተን ያህል ወንፈል አክባሪ አልተወለደም። ጎረቤት አንድ ቀን ሰሊጡን ካጨደለት፣ እሱም ወባ እያንቀጠቀጠው ቢሆን እንኳ ሄዶ ያጭድለታል። ግማሽ ቀን ከሠራህለት ግማሽ ቀን ይመልስልሃል። "የሰው ጉልበት ይዤ አልሞትም" ይላል። እኔ ጎረቤቱ ፈረደ ነኝ፤ ይህ ጠባዩ ሲያስቀኝም ሲያናድደኝም ኖሯል። ሆስፒታል ድረስ ይከተለናል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

ልጁ ማርያማዊት ስትወለድ ራሷ ጠበብ ብሎ ወደ ኋላ የረዘመ ነበር። የጤና ጣቢያችን ነርስ ወደ ትልቁ ከተማ ላከቻቸው፤ ደም የሚሰጥ ሰው ቢያስፈልግ ብዬ እኔም አብሬ ሄድኩ። እዚያ ሆስፒታል የራስ ቅል ሐኪሙ፣ የዓይን ሐኪሟ፣ የጆሮ ሐኪሙ፣ አንዲት ወጣት ማደንዘዣ ሰጪም ጭምር ልጅቱን ከበው ተቀመጡ።

"የራስ ቅሏ አጥንቶች ያለጊዜያቸው ተጋጥመዋል" አለ ዋናው፣ የራስ ቅል ሐኪሙ ዶክተር ሸዋዓለም። "ቶሎ ካልከፈትነው አንጎሏ ማደጊያ ቦታ ያጣል። ሁላችንም ሆነን እንሠራዋለን።"

ውባንተ ይህን ያህል ሰው አንድ ሥራ ሲከብ ያየው በወንፈል ብቻ ነው።

"ወንፈል ነዋ!" አለ። "የእናንተስ እርሻ ወዴት ነው?"

ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን አልቀለደም፤ ለእያንዳንዳችሁ ሳልሠራ የቀዶ ጥገናውን ፈቃድ አልፈርምም ብሎ ድርቅ አለ። ዶክተር ሸዋዓለም ተቆጣ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ጊዜ እንዳያልፍ ብሎ የቤቱን ግቢ ቁልፍ ሰጠው። ውባንተ አረም ቢያጣ ጽጌረዳውን ነቀለለት። ለጆሮው ሐኪም የሚፈለጥ እንጨት ቢያጣ ደህናውን ቁም ሳጥን ፈለጠለት። የዓይን ሐኪሟ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለምትኖር መሬት የላትም፤ ባልዲ ላይ የተከለቻትን ጤና አዳም በዶማ ኮተኮተላት፣ አፈሩም ታች በቆመ ባጃጅ ላይ ዘነበ።

ማደንዘዣ ሰጪዋ ዓለምፀሐይ ብቻ ቀረች። በቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ክፍሉ በር ላይ ገትሮ ያዛት።

"ምንም የለኝም፣ ጋሼ" አለች። "ቤቴ ኪራይ ነው፣ የምበላውም እዚሁ ነው።"

"ሌላው ይሁን፣ የምታስተኛት አንቺ ነሽ። ምንም ላልሠራሁለት ሰው ልጄን እንዴት አምኜ ላስተኛ?" አለ።

ያኔ ገባኝ። ወንፈል የተሠራለት ሰው በተራው አይለግምም። ለካ ይህ ሁሉ ዶማና መጥረቢያ ፍርሃት ኖሯል! አንጀቴን በላው።

ሚስቱ ስርጉት ሕፃኗን እንዳቀፈች ተነሳች። "አንተ ሰው! ወንፈል ሲጀመር አንዱ ቀድሞ አይሠራም? ዕድሜህን ሙሉ የምትቀድም አንተ ነህ። ዛሬ እንኳ ሰው ይቅደምህ!"

ውባንተ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ፈረመ። ከዚያ ልጅቱን ያስገቡበትን በር ፊት ለፊት እያየ ቆሞ ዋለ። ከመጣን ጀምሮ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አላየሁትም፤ ብለምነውም "ሰው እየሠራልኝ አልቀመጥም" ብሎ እምቢ አለኝ።

ዓለምፀሐይ የአፍ መሸፈኛዋን እያወረደች ወጣች። "ነቅታለች። ጡት ፈልጋ እያለቀሰች ነው።"

ስርጉት ሮጠች። ውባንተ የዓለምፀሐይን እጅ ያዘ። "ምን ልሥራልሽ?"

"በየጊዜው ይዛችኋት ኑ። እስክታድግ ድረስ ሁላችንም እናያታለን።"

"እስክታድግ?" ብሎ ጥቂት አሰበ። "እንግዲህ ይህን ወንፈል መልሼም አልጨርሰው" አለና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።