ደብተር የተለበደበት ጋዜጣ

እስከ ዛሬ ሳስበው ግራ የሚያጋባኝ አንድ ጋዜጣ አለ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከጅማ ትምህርት ቤታችን ለቡና ለቀማ ዘመቻ ወደ አጋሮ ወሰዱን። እኛ የከተማ፣ የጊንጆ ሰፈር ልጆች ለቀማ የት እናውቃለን? አንዲት የክፍላችን ልጅ ግን ቡና ውስጥ ያደገች ናት፤ ቀይ ቀዩን ብቻ እየመረጠች፣ እኛ ግማሽ ሳንሞላ የሷ ቅርጫት ጢም ይላል። ቅናት አንገበገበኝ። ሦስት ሆነን፣ ውሃ ልትጠጣ ዞር ባለች ቁጥር ከቀዩ ሥር ያልበሰለ አረንጓዴ ቡና እንጨምርባት ጀመር። ሐሳቡ የኔ ነበር።

ቅርጫት ሲፈተሽ ተያዘች። «አሻጥር ነው!» ተባለ። የዘመቻው ኃላፊዎች በየቀኑ ሰው ፊት አቁመው ግለ ሂስ አድርጊ ይሏታል። በአራተኛው ቀን መናገር አቅቷት ቆማ ስታለቅስ፣ መምህራችን ተነሡና «እሷ አይደለችም። ቅርጫቷን የነካ ሰው ራሱን ያውቃል» ብለው እኔን አዩኝ። እኔም ፈርቼ ከጓደኞቼ ኋላ ተሸሸግሁ።

በሳምንቱ አንድ ጋዜጠኛ መጣ። ከዘመቻው ኃላፊዎች ጋር ሻይ ጠጥቶ፣ ከእኛ ማንንም ሳያናግር ተመለሰ። ጋዜጣው ሲወጣ፣ በተማሪዋ ላይ ለደረሰው በደል ተጠያቂው «የመምህሩ የቁጥጥር ጉድለት» ነው ይላል። ስለ እኛ አንድ ቃል የለም። መምህሩንም ከትምህርት ቤታችን አነሷቸው።

እጄ ያደረገውን አውቃለሁ። ግን ጋዜጣ ነው፣ የተማረ ሰው የጻፈው። ምናልባት እውነትም እሳቸው በደንብ ሳይቆጣጠሩን ቀርተው ይሆን? ከዘመቻ ወደ ጅማ ስንመለስ፣ ጭንቅ ሲለኝ ጋዜጣውን እንደያዝኩ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ልጅ ልጅን ሲበድል ጥፋቱ የማን ነው?»

ከልብስ ስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ጋዜጣው ምን ይላል?» አሉኝ።

ትምህርት ስንጀምር ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ደብተሯን በዚያው ጋዜጣ ለብዳዋለች፤ መምህሩ የተወቀሱበት ዓምድ ከላይ ይታያል። የተረፋትን ግማሽ ገጽ አጣጥፋ ለኔ ደብተር ይዛልኝ መጥታለች።

«ሂሪያ ኮ» አለችኝ፣ ጓደኛዬ ማለቷ ነው። «እኔ'ኮ አንቺን ጠርጥሬሽ ነበር። ለካ እሳቸው ናቸው። ይቅር በይኝ።»

ገጹን ተቀበልኳት። «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።