ቤቱ ተይዟል

ስድስት ዓመት የኖርኩበት ክፍል ግድግዳው ችፑድ ነበር። ከአከራዬ አልጋ የሚለየኝ እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ተነስቼ ጸሎቴን ሳደርስ ድምፄ ከከንፈሬ እንዳያልፍ እጠነቀቃለሁ፤ ነገር ግን ሰው ወደ ፈጣሪው ሲያለቅስ ድምፁን የሚለካበት አቅም አይኖረውም። ቁርስ ላይ አከራዬ ሻይዋን እያማሰለች፣ «ዛሬ ደግሞ ለወንድምሽ አበዛሽ፤ ምን ሆነ?» ትለኛለች። ሌላ ቀን፣ «ስለ ትዳር የለመንሽው ደስ ይላል፤ ግን ዕድሜሽንም አትርሺ» ብላ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በአፌ «እርስዎ» እላታለሁ፤ እዚህ ግን «እሷ» ብዬ ነው የምጽፋት፤ ለምን እንደሆነ ሲነበብ ይገባል።

እናቴ ጎጃም ውስጥ ያረፈች ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አልቀበርኳትም። ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚያው ችፑድ ክፍል ውስጥ ነው፤ አከራዬም ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ለመጣው ሰው ሁሉ ቡና ቀድታለች። ይህን አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት እናቴን እያነሳሁ ሳለቅስ፣ «ይኸው ወር ሆነሽ፤ ዛሬማ አላስተኛሽኝም» ማለት ጀመረች። ያኔ ነው ቤት ልቀይር ያልኩት። የምሠራው ሰባተኛ አካባቢ ክርና አዝራር በጅምላ የሚሸጥ መደብር ውስጥ ስለሆነ ከዚያ መራቅ አልችልም። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የብሎኬት ግድግዳ።

ደላላው ሳቀብኝ። ሁለት ስልክ የሚይዝ፣ ያገኘውን ሁሉ «ቪላ» የሚል ሰው ነው።

«እህቴ፣ ሰው ውሃ አለው ወይ ይላል፣ መብራት አለው ወይ ይላል። አንቺ ግድግዳ?»

«ግድግዳ» አልኩት።

«እሺ። ቪላ አለኝ፤ ግድግዳው እንደ ባንክ ነው።»

«ቪላ» ያለው ቤት ጭድ ተራ ጀርባ፣ በሚንቋቋ የእንጨት ደረጃ የሚወጣበት አንድ ክፍል ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ናቸው። ባል አለሽ? የለኝም። ልጅ? የለኝም። የሚመጣ እንግዳ? ከየት መጥቶ። ሰውዬው በእያንዳንዱ «የለኝም» ፊታቸው እየፈካ ሄደ። እኔ ደግሞ ዞር ሲሉ ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ። ድምፅ የለውም። ሊያስለቅሰኝ ምንም አልቀረው።

መታወቂያዬን ሳወጣ እጃቸውን አወዛወዙ። «መታወቂያማ ማንም ያወጣል። የነበርሽበትን ቤት ስልክ ስጪኝ፤ ሰው የሚታወቀው በኖረበት ነው።»

እዚህ ሰፈር ልማዱ እንዲህ ነው፤ አከራይ ለአከራይ ይደውላል። እኔ ደግሞ በዚህ ኮራሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አምሽቼ አልገባሁ፣ ከማንም ጋር ክፉ ቃል አልተለዋወጥኩም። የአከራዬን ቁጥር በቃሌ፣ እንደ ተማሪ፣ ጥርት አድርጌ ተናገርኩ።

በነጋታው ስደውል ሰውዬው፣ «ቤቱ ተይዟል» አሉኝ።

ሁለተኛው ቤት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የነበረ ክፍል ነው። ባለቤቷ ቅዳሜ ግቢ ብላኝ ስለነበር ሥዕለ አድኅኖዬን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ድስቶቼን አንዱን ባንዱ ከትቼ ተዘጋጀሁ። አርብ ደወለች። «ቤቱ ተይዟል፣ የኔ እህት።» ከሳምንት በኋላ በሥሩ ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁ፤ መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ ባዶ ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ደላላው ፊቱን አጠቆረ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሠርተሽ ነው? ሦስት ቤት አቃጠልሽብኝ እኮ። ስትታዪ መነኩሴ ትመስያለሽ፤ ስልክ ከተደወለ በኋላ ግን ሁሉም ይሸሻል።»

ምን እንደሠራሁ ራሴን ስመረምር ከረምኩ። በጾም የበላሁት፣ ለደንበኛ ያጎደልኩት ካለ ብዬ። አከራዬ ታጽናናኛለች። ሻይ ትቀዳልኛለች፣ ጀርባዬን ታሻሻለች። «እኔ ጋ ምን ጎደለብሽ? እግዚአብሔር እዚሁ ሁኚ እያለሽ እኮ ነው፤ አልሰማ አልሽ እንጂ።» አመንኳት። በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በስሟ ጧፍ አብርቻለሁ። ያቺን ጧፍ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አራተኛው ቤት ሶማሌ ተራ ጀርባ ነው። የቤቱ ባለቤት የጨርቅ ነጋዴ ባላቸው የሞቱባቸው የስልጤ ሴት ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ የሚያከራዩዋቸው አምስት ክፍሎች አሏቸው። የአከራዬን ስልክ ሰጥቻቸው በነጋታው ጭንቅላቴን ደፍቼ መልሱን ልሰማ ሄድኩ። በረንዳ ላይ በርጩማ ስበው አስቀመጡኝ።

«ከዚያች ሴትዮ ጋር ተጣልታችኋል?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን በድለሻታል?»

ምን እንደሚሉኝ አላወቅኩም።

«እንዲህ ነው ያለችኝ። ሰላማዊ ናት፤ ግን ጠዋት የምታለቅሰውን ልቅሶ ብትሰሚ አንድ ነገር የሠራ ሰው ነው እንደዚያ የሚያለቅስ፤ ከዚህ በላይ ተናግሬ ኃጢአት ውስጥ አልገባም፤ አለችኝ። ምን ሠራች? ብዬ ብጠይቃት፣ ተይኝ አለች።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እኔ አራት ልጅና አንድ ባል የቀበርኩ ሰው ነኝ። ልቅሶ አውቃለሁ። ማን ሞቶብሽ ነው?»

«እናቴ።»

«እሷ ይህን ታውቃለች?»

«ለቅሶ ላይ ቡና የቀዳችው እሷ ናት» አልኩ።

ሴትዮዋ ተነስተው ቁልፍ አምጥተው እጄ ላይ አደረጉ። «ግቢ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ያሻሽን ያህል አልቅሺ።»

ዕቃዬን ላወጣ ስመለስ ለአከራዬ ምንም አላልኳትም። ሦስት ጊዜ ሳምኳት፤ ላደረጉልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳት። ማን አከራየሽ ስትለኝ፣ «አንዲት ሴትዮ ናቸው፣ ሥራዬ አጠገብ» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ውሸት አልወድም። ከዚያም በየበዓሉ እየደወልኩ እንኳን አደረሰዎት እላት ነበር። ደግነት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አንድ ቀን እጄ እንደምትገባ ስለማውቅ እንዳትሸሽብኝ ነው።

በብሎኬቱ ግድግዳ መካከል ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደጸለይኩ የሰማ ጎረቤት የለም። ለእናቴ ነፍስ ጸለይኩ፤ ለወንድሜ ጸለይኩ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ልመና እጨምር ነበር። አምጣልኝ፤ እላለሁ። ሌላ ምንም አታድርጋት፣ አታሳምማት፣ እንጀራዋን አታሳጣት፤ ብቻ እኔ ፊት አምጣልኝ።

አመጣልኝ። ሁዳዴ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ተለቆ ነበር። እኔ ቧንቧው ጋ ልብስ አጥባለሁ፤ ባለቤቷ በረንዳ ላይ ሆነው ምስር ይለቅማሉ። የግቢው በር ተከፈተና ያ ባለ ሁለት ስልኩ ደላላ ገባ። ከኋላው እሷ። ቤቷ ለመልሶ ማልማት እንደፈረሰ ሰምቼ ነበር። ምትክ የሰጧት ከተማው ጫፍ ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ከለመደችው ደብርና ከጎረቤቶቿ ርቃ መኖር አልቻለችም። ከስታለች። ነጠላዋ ጫፉ ጭቃ ነክቶታል።

ደላላው በሩን ከፍቶ አሳያት። ግድግዳውን አላንኳኳችም። እሷ ውሃውን ነው የጠየቀችው፣ መብራቱን፣ ሽንት ቤቱን። ወድዳው ወጣች። ባለቤቷም ምስራቸውን እየለቀሙ የተለመደውን አሉ።

«የነበሩበት ቤትማ ፈርሷል። የሚያውቅዎት ሰው አለ?»

አከራዬ ዞር ዞር ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ፊቷ በራ። ጠፍታ የተገኘች ሰው ነው የምትመስለው። መጥታ አረፋ በያዘው ክንዴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሳመችኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ነሽ እንዴ? ይኸው፣ ይቺን ይጠይቋት። ስድስት ዓመት እንደ እናትና ልጅ ነው የኖርነው። ሰው ሰጠኝ እኮ እግዚአብሔር።»

ምስክሯን ራሷ ጠራች። እኔ ያኔ ቁጥሯን በቃሌ እንደተናገርኩት፣ ልክ በዚያው ልብ።

«ታውቂያቸዋለሽ?» አሉኝ ባለቤቷ።

«አዎ፣ እትዬ። በደንብ።»

«እንዴት ናቸው?»

እጄን በቀሚሴ አደረቅኩ። አልቸኮልኩም። «ንጹሕ ናቸው» አልኩ። «ከሰው አይጣሉም። ጾማቸውን ይጾማሉ። ውሃ አያባክኑም። ታምሜ በተኛሁ ጊዜ አጥሚት ሠርተው አጠጥተውኛል። እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን አልተለዩኝም።»

አከራዬ በእያንዳንዱ ቃል አንገቷን ትነቀንቃለች። ደላላው፣ «በቃ፣ አለቀ፤ እንዲህ ያለ ምስክር ከየት ይገኛል?» ብሎ አንዱን ስልክ ኪሱ ከተተ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ብቆም ኖሮ ክፍሉ የእሷ ነበር። ዳግመኛ ግድግዳ ለግድግዳ እንዳንኖር ፈርቼ ነው ብል ያምርልኝ ይሆናል። ግን ፍርሃት አልነበረም። አፌ ውስጥ ምራቅ ሞልቶ ነበር፤ እንደ ተራበ ሰው።

«እትዬ» አልኩ፣ «አሁን ደግሞ ድምፃቸውን ልብ ብለው ይስሙልኝ። እኔን ሊያስገቡ ሲሉ በስልክ ያነጋገሯቸው እሳቸው ናቸው።»

የባለቤቷ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። አከራዬ ክንዴን ለቀቀች። ሴትዮዋ ቀና ብለው፣ ሳይቆጡ፣

«እስቲ ይንገሩኝ» አሏት። «ስለዚህች ልጅ ምን ያውቃሉ?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አላወጣችም። ድምፅ ብታወጣ እንደምትታወቅ ገብቷታል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ በጣም ቀስ ብላ፣ «እንዳትሄጂብኝ ብዬ እኮ ነው» አለች። «ብቻዬን ልትተይኝ ነው ብዬ።»

ይህ ቃል ሊያራራኝ ይገባ ነበር። አበሳጨኝ። ፈልጋኝ ከሆነ ለምን በልቅሶዬ አሳማችኝ? ለምን ሻይ እየቀዳች እግዚአብሔርን አስዋሸችው?

ባለቤቷ ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያነሱ፣ «ቤቱ ተይዟል» አሉ።

«እንዴ፣ እትዬ» አለ ደላላው፣ «ማን ያዘው? አሁን ባዶውን አሳይተውን?»

«ተይዟል አልኩ።»

እኔ እስከ ግቢው በር ሸኘኋት፤ ታላቅን መሸኘት ወግ ነው። ደላላው ቀድሞ ወጥቶ በሌላኛው ስልኩ ለሌላ ሰው ቪላ እየሸጠ ነበር። እሷ በሩን ይዛ ቆማ፣ «ታዲያ የት ልሂድ?» አለችኝ።

«ምትክ ተሰጥቶዎት የለ?» አልኳት። «እግዚአብሔር እዚያ ይሁኑ እያለዎት ይሆናል፤ አልሰማ አሉ እንጂ።»

የራሷን ቃል አወቀችው። አየሁ ሲገባት። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሶማሌ ተራ አቅጣጫ፣ በኩንታል ተሸካሚዎቹ መካከል እየተጋፋች ሄደች። እኔ ተመልሼ ልብሴን አለቅልቄ አሰጣሁ። ነጩ ልብሴ እንደዚያን ቀን ጸድቶልኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን በጣታቸው እየዳበሱ ሰሙኝ።

«ውሸት ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም፣ አባ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትናዘዢው?»

«ደስ ማለቱን» አልኩ።

«አሁንስ ደስ ይልሻል?» አሉ።

«አሁንም ይለኛል።»

እስከ ፋሲካ በየቀኑ አርባ ስግደት ሰጡኝ። አልሸራረፍኩም፤ የምሰግደው በዚያ ክፍል በኩል ባለው ግድግዳ ፊት ለፊት ነው። ክፍሉ ገና ሰው አልገባበትም ነበር። ግንባሬ ወለሉን በነካ ቁጥር ወዲያ ማዶ ያለውን ባዶነት አስበዋለሁ። መጋረጃ የሌለው መስኮት። ያልተዘረጋ አልጋ። ቁርስ ላይ ሻይ እያማሰለ ጸሎቴን የሚተነትንልኝ ሰው የለም። ጉልበቴ አበጠ።

የፋሲካ ማግስት አባ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ አገኙኝ። መስቀላቸውን ከተሳለምኩ በኋላ ዝቅ ብለው፣ «እህስ፣ ልጄ፤ ያ ደስታ ተወሽ?» አሉኝ።

«ስግደቱን ይጨምሩልኝ» አልኳቸው።