ተጭነሽ አዙሪው

ሲፈጥረኝ ጭንቀታም ነኝ። ባሮ በሞላ ቁጥር ድልድዩ ይወሰዳል ብዬ እፈራለሁ፤ ሰው ስልኩን ካላነሳ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ እደመድማለሁ። ታናሽ እህቴ በዚህ ጠባዬ ስትስቅብኝ ነው ያደገችው። ስለዚህ ያ ቅባት ቤታችን የገባ ጊዜ ስጋቴን የሚያምንልኝ አልነበረም። ሁልጊዜ እሳት ተነሳ የሚል ሰው፣ እሳቱ እውነት የተነሳ ቀን ማን ይሰማዋል?

ቅባቱ ትንኝ ያባርራል ተብሎ ነው የመጣው። ነጭ ብልቃጥ ነው፤ ብልቃጡ ላይ የአገራችን ልጅ ፎቶ አለበት። ዘፋኝ ናት። እዚሁ ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ከሄደች በኋላ ስሟ ገነነ። ከመሄዷ በፊት ከእህቴ ጋር በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይዘምሩ ነበር። በማስታወቂያው ላይ ክንዷን እያሸች፣ «እኔ የባሮ ልጅ ነኝ፤ ስለ ትንኝ ማን ይነግረኛል? የምተማመነው በዚህ ነው» ትላለች። ማስታወቂያው በስልክ ከሰው ሰው ሲዞር ከረመና ሰፈራችን ኒውላንድ ውስጥ ፎቶዋ ያልተለጠፈበት ሱቅ ጠፋ።

እህቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ ማታር ከተማ ድረስ በጀልባ ዕቃ እያመላለሰ ይነግዳል፤ እሷ እኔ ዘንድ ነበረች። ከዚያ በፊት የነበረውን ፅንስ ያጣችው በወባ ነው። ስለዚያ ብዙ መናገር አልወድም። ከሆስፒታል ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆና ያለችኝ ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «አጎበር ውስጥ ነበርኩ እኮ። አንድም ቀን ከአጎበር ውጭ አላደርኩም።»

ቅባቱን የገዛች ቀን አጎበሯን ከአልጋው አወረደች፣ ጠቀለለችና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወረችው። በሙቀት ወራት እኛ አልጋ ወደ ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው። የኔ አልጋ በአጎበር ተሸፍኖ፣ የእሷ ከጎኔ ራቁቱን ቆመ። ማታ ከመተኛቷ በፊት ግንባሯን እዳስሳለሁ፤ ጠዋት ከመነሳቷ በፊት ግንባሯን እዳስሳለሁ።

«ሙቀቱ ነው፣ ተይኝ» ትለኛለች።

«አጎበር ውስጥ ግቢልኝና እተውሻለሁ።»

«አጎበሩ ምን አደረገልኝ?» ትለኛለች። ቀጥላም፣ «ከእኔ ጋር አንድ የመዝሙር ደብተር ተካፍላ ያደገች ልጅ ትዋሸኛለች? ሌላው ዘፋኝ ቢሆን እሺ። እሷ እኮ እዚህ ያለውን ታውቃለች» ትላለች።

ይህ የእሷ ብቻ ሐሳብ አልነበረም። ከተማው በሙሉ እንዲህ ነበር የሚያስበው። ለሌላ ዕቃ ሲሆን የታዋቂ ሰው ወሬ በአንድ ጆሯችን ገብቶ በሌላው ይወጣል። የራሳችን ልጅ ስትሆን ግን ወንዙ ዳር ተቀምጣ፣ ተቀብታ፣ አይታው ነው የምትመክረን አልን። ማስታወቂያው የተሠራው ትንኝ በሌለበት ቤት ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። እኔም በፍርሃት ብዛት አጎበር አጎበር አልኩ እንጂ ይህን አልጠየቅኩም።

የብልቃጡ ክዳን አስቸጋሪ ነበር። ዝም ብለው ቢያዞሩት ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም። የመጀመሪያ ሰሞን ብዙ ሰው አናቱን በቢላ ቆርጦታል። የምንገዛበት ሱቅ ባለቤት ሐጂ፣ ከወሎ መጥተው እዚሁ የሸበቱ ሰው ናቸው፤ ለገዛ ሁሉ በመዳፋቸው እያሳዩ «ተጭነሽ አዙሪው፣ ተጭነህ አዙረው» ሲሉ ነው የሚውሉት። ኋላ ኋላ የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ ሐጂን ባዩ ቁጥር «ተጭነሽ አዙሪው!» ይሉ ጀመር።

አንድ ቀን ጭንቀቴ ሲብስብኝ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ይህን ቅባት ይቀባሉ?»

«እኔ?» ብለው ሳቁ። «እኔማ አጎበር አለኝ፣ እህቴ።»

«ታዲያ ለምን ይሸጡልናል?»

«ስለጠየቃችሁኝ ነዋ! የመጣው ሁሉ ‘ያቺ ልጃችን ያለችውን ስጠኝ’ ነው የሚለኝ። ይሠራል ብዬ አልማልኩም። አይሠራም እንዳልልም ወላሂ አላውቅም።» ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ጠጋ አሉኝ። «እህትሽን ግን አጎበር አስገቢያት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል።»

ቤት ገብቼ ይህንኑ ብነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የነጋዴ ምክር የምትሰሚው?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። በዚያ ቀን ብልቃጡን አንስቼ ባሮ ውስጥ ልጥለው ቃጥቶኝ ነበር። ብጥለው ሌላ ትገዛለች ብዬ ተውኩት።

ከዚያ የዘፋኟ አክስት አረፉና ለለቅሶ መጣች። ከተማው ተናወጠ። ለቅሶው ቀለል ሲል፣ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሷ በፊት እህቴን ልታያት እንደምትመጣ መልእክት ላከችልን። እህቴ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ግቢውን ራሴ ካልጠረግኩ አለች። እኔ ደግሞ ዘፋኟን ምን ብዬ እንደምጠይቃት ሳወጣና ሳወርድ ዋልኩ። እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው። የእህቴ ሆድም ከቀን ወደ ቀን እየገፋ ነው። እያየሁ ዝም ማለትም ነውር ነው፤ ከሁለቱ ነውር ማሳፈሩን መርጬ ጨርሼ ነበር፤ አፌ ይታዘዘኝ እንደሆነ ብቻ ነበር ያላወቅኩት።

በእኛ ግቢ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የኒም ዛፍ ቅጠል ይጨሳል። እንግዳ ካለ ጭሱ የሚያዘነብልበትን ወገን ለእሱ እንለቅለታለን፤ ዓይን ቢያቃጥልም ትንኝ አይደርስበትም። የዚያን ቀን እህቴ፣ «እሷ መጥታ ደግሞ ጭስ? ያሳፍራል» አለችኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ አጨስኩ።

ዘፋኟ መጣች። ከፎቶዋ ትቀጥናለች፤ የለቅሶ ነጠላ እንደለበሰች ነበር። ከእህቴ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ሳቁ፣ እንደገና አለቀሱ። በቋንቋችን ስታወራ አማርኛ እየገባባት ትቸገራለች። ከዚያ እኛ ወንበር እስክናሳያት እንኳ ሳትጠብቅ፣ ወንበሩን በአንድ እጇ ጎትታ ጭሱ መሃል ገባችና ተቀመጠች። አስባበት አልነበረም። እግሯ ነው የወሰዳት። እህቴን አየኋት፤ እሷ ግን ቀና ብላ ወደ ቤት ገባች።

ስትወጣ ብልቃጡን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ለእንግዳ እንደሚሰጥ ነገር።

«ውይ! እዚህም ደረሰ?» አለች ዘፋኟ በሳቅ። ተቀበለችና ክዳኑን አዞረችው። ተሽከረከረ። ደግማ አዞረችው፤ አሁንም ተሽከረከረ። በጥርሷ ልትሞክር አለችና ተወችው። የራሷ ፎቶ በጣቶቿ መሃል ይዞራል። ልጠይቃት ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ፤ ደግሞም አላስፈለገም።

«ይሄ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለች።

እህቴ ብልቃጡን ከእጇ ወሰደችው። ተጭና አዞረችው፤ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«አሃ! እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ዘፋኟ። «እኔን ሲቀርጹኝ ክዳኑ ወልቆ ነበር። ውስጡም ባዶ ነበር፤ ክንዴ ላይ ያደረጉልኝ ተራ ሎሽን ነው።» ይህን ስትል ምንም ክፋት አልነበረባትም። የሥራ ቦታ ቀልድ እንደምታወራ ነበር። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ብልቃጡ አስጠግታ አሸተተችና፣ አንድም አማርኛ ሳትቀላቅል በቋንቋችን ጠየቀች።

«ለመሆኑ ይሠራል?»

እህቴ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«አንቺ ነሽ እኮ የነገርሽኝ» አለች። ድምጿን አላነሳችም።

ዘፋኟ መጀመሪያ የእህቴን ሆድ፣ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ሁለት አልጋዎች አየች። አንዱ አጎበር አለው፤ አንዱ የለውም። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «እኔ እኮ… ብቻ እንዲህ በይ አሉኝ» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ሊመሽ ነው ብላ ተነሳች። በሩ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። «አጎበር አስገቢያት» አለችኝ፤ ልክ ሐጂ እንዳሉት። እኔስ ስንት ጊዜ ብያለሁ ልላት ፈልጌ ዋጥኩት።

እውነት ለመናገር ያሸነፍኩ ቀን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። የቆየው ፍርሃቴ ጭራሽ ባሰ። እህቴ በባዶ አልጋ ላይ ያደረችባቸው ሌሊቶች አልፈዋል፤ ትንኝ ቀድማ ነክሳት ከሆነ የሚታወቅበት ጊዜ ገና አልደረሰም። ያ ሁሉ እየታሰበኝ «አላልኩሽም?» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም።

ስመለስ እህቴ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የነበረውን አጎበር አውርዳ ግቢ ውስጥ ዘርግታዋለች። አንዱን ጫፍ ያዥልኝ አለችኝ። የቀረው ብርሃን ላይ ወጥረን ቀስ እያልን አየነው። ራስጌው በኩል፣ ትራስ በሚነካበት ቦታ፣ ቀዳዳ ነበረው። ጣት የሚያስገባ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

እህቴ ጣቷን አስገባችበት። በእኔ በኩል ወጥቶ አየሁት።

«ያኔ ወባ ሲይዘኝም ነበረ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። እውነትም አላውቅም።

መርፌና ክር ላመጣ ገባሁ። ስመለስ ጣቷን ገና ከቀዳዳው አላወጣችውም ነበር።