የቤታችን ምሰሶ ወደቀ

ይህ የሆነው አምና፣ የስንዴ አጨዳ ሰሞን ነው። ሰፈራችን እስካሁን እያነሣ ይስቅበታል። ሌላ ሰው አበላሽቶ ሳይጽፈው እኔው ልጻፈው አልኩ፤ መጻፍ እንደሆነ አሁን ችዬበታለሁ!

ቤታችን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ፣ አያቴ የሠሩት ባለ ደርብ ቤት ነው። እህሉ ከላይ፣ እኛ ከታች ነን። ክረምቱን ጣሪያው ሲያፈስ ከርሞ የደርቡ ርብራብ በሰበሰ። ደርቡን የተሸከመው ምሰሶም ከሥሩ በጣት ሲነኩት ይፈረፈር ጀመር።

አባቴ አዲስ የጽድ ምሰሶ አስመጣና አናጢውን አያ መኩሪያን ጠራ። ርብራቡን በአዲስ እንጨት ተኩ። ከዚያ ደርቡን በሁለት ባላ ደግፈው የበሰበሰውን ምሰሶ ነቀሉ። ጎታው ከነገብሱ እላይ ነበር። አያ መኩሪያ «እህሉ ይውረድ» ቢሉ አባቴ «ለአንድ ቀን ብለን?» አለ።

አዲሱን ምሰሶ ሊያቆሙ ሲሉ አንዱ ባላ ተንሸራተተ። ደርቡ ቋ! ብሎ በሁለቱ ትከሻ ላይ ተቀመጠ።

«ሩጪ! ሰው ጥሪ!» አለኝ አባቴ፣ ድምፁ ታፍኖ።

ሰው ሁሉ የአክስቴ የእትዬ ዘርፌ ደቦ ላይ ነበር። አባቴ ያልሄደው ተኳርፈው ነው፤ በሬያችን ባቄላዋን በልቶባታል። እየሮጥኩ ከሩቁ ጮኽኩ፦

«ድረሱ! የቤታችን ምሰሶ ወደቀ! አባዬ... አባዬ...»

ትንፋሼ ተቆረጠ። በእኛ አገር አባወራ ሲሞት እንዲህ እንደሚባል ያኔ ትዝም አላለኝ።

እትዬ ዘርፌ ማጭዷን ወርውራ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ወየው ወንድሜን! ሳልታረቅህ! ባቄላዬን ሁሉ ይብላው በሬህ!» እያለች ወደ ቤታችን ሮጠች። ደቦው ሁሉ እያለቀሰ ተከተላት። እኔ ከጎን ከጎናቸው እየሮጥኩ «ኧረ አልሞተም!» እላለሁ፤ ማን ይስማኝ!

ደጃችን ደርሰው ደረት ሲደቁ ከውስጥ ድምፅ ወጣ።

«በንጉሥ አምላክ ዝም በሉ! አልሞትኩም! ቆማችሁ ካለቀሳችሁ ግን መሞቴ ነው፣ ግቡና አንሡልን!»

በንጉሥ አምላክ ተብሎ ማን ይንቀሳቀሳል? ሁሉም ባለበት ደረቀ። አንዱ አጫጅ «ኧረ ሬሳው ይቆጣል!» ሲል ነው የነቁት። ተንጋግተው ገቡና ደርቡን በትከሻ አነሡት። አያ መኩሪያም ምሰሶውን ከጉድጓዱ ከተቱት። ከጎታው አንዲት ፍሬ አልፈሰሰችም።

አባቴ ላቡን እየጠረገ እህቱን አያት።

«ዘርፌ፣ ባቄላዬን ሁሉ ይብላው ስትዪ ሰምቻለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ምስክሬ ነው።»

«እሱን ያልኩት ለሞተው ወንድሜ ነው። አንተን አላውቅህም!» አለችና እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ዛሬም ስሮጥ ያየኝ ሰው «ደግሞ ማን ወደቀ?» ይለኛል። እኔ እንደሆን አላፍርም። ስንት ሽማግሌ ተቀምጦ ያቃተውን እርቅ በአንድ ጩኸት የጨረስኩ እኔ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው አዲሱን ምሰሶ ተደግፌ ነው፤ ንቅንቅ አይልም።