ካላንደሩ የሸፈነው ሰርግ

በዚህ ዓመት ክረምት ሜልበርን፣ ሬስኮርስ ሮድ ላይ ቆሜ ትራም ስጠብቅ፣ ትራሙ ደወሉን እያቃጨለ መጣ። ጎኑ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተለጠፈው የሙዚየም ማስታወቂያ ሥዕል ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቃቅፈው ይደንሳሉ። ሰውየው ቢጫ የሣር ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቷል፤ ሴትዮዋ ቀይ ኮፍያ አድርጋ ፊቷን ወደ ጎን መልሳለች። ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ ትራሙ ሄደ፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ያደግሁት በእነሱ ሥር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ጋሼ ታደሰ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው።

ጋሼ ታደሰ ፍሌሚንግተን፣ የመንግሥት ፎቆቹ ላይ፣ በራችን ፊት ለፊት የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ የከሰዓት ሺፍት ስለነበራት ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እነሱ ቤት ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበለኝ የሜንቶል ቅባት ሽታ ነበር። ጋሼ ዶሮ ፋብሪካ፣ ብርድ ክፍል ውስጥ ቆመው ስለሚውሉ ማታ ማታ ትከሻቸውን ይቀቡታል፤ ሽታው ከመጋረጃውም፣ ከሶፋው ዳንቴልም፣ ከመዝሙር ካሴቶቹም አይጠፋም። ሚስታቸው እትዬ አስቴር ዳቦ በማርማላታ ቀብተው ይሰጡኛል። እነሱ በአማርኛ ይጠይቁኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ ሁላችንም እንግባባለን። ልጅ አልነበራቸውም።

የእነዚያን ዳንሰኞች ሥዕል ጋሼ ያገኙት ሜድስቶን የሚባል ሰፈር ነው። እዚህ ከተማ ሰው ያልፈለገውን ዕቃ በሩ ላይ ያወጣል፣ የወደደ ያነሣል፤ ሶፋቸውም የመጣው እንደዚያ ነው። ይህን ግን ጋሼ ዝም ብለው ማንሣት አልሆነላቸውም። ነጣ ያለውን ረጅም ቀሚስ፣ የሴትዮዋን እፍረት፣ ወገቧ ላይ ያረፈውን እጅ አዩና የሰርግ ሥዕል ነው ብለው ደመደሙ። ሰው እንዴት ሰርጉን ይጥላል? በሩን አንኳኩተው ይህችን በምታህል እንግሊዝኛቸው፣ ሰርጋችሁን ውጭ ረስታችኋል አሏት፤ የከፈተችው ሴትዮ ከት ብላ ስቃ ውሰደው አለቻቸው። ጋሼ አልሣቁም። ተፋትተው ይሆናል ብለው አዘኑ። ሲታረቁ ይፈልጉታል ብለው በአደራ ተሸክመውት በትራም መጡ።

እትዬ አስቴር ገና ሲያዩት፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ! የሰው ሰርግ እኔ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?» አሉ። ግን ተሰቀለ። ችግሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። የጸሎት ቡድኑ በየቤቱ ይዞራል፣ ተራው የእነሱ ሲሆን አማኝ ቤት ውስጥ ዳንስ ተሰቅሎ ሊያገኝ ነው። ስለዚህ እትዬ ከሥዕሉ በላይ ሁለተኛ ምስማር አስመትተው፣ የቸርቹን ትልቅ ካላንደር ዳንሰኞቹ ላይ ያንጠለጥሉታል። እንግዶቹ ሲወጡ ካላንደሩን የሚያወርዱትም ራሳቸው ነበሩ። ይህን ልብ ያልሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ ካላንደሩ ጧ ብሎ ወደቀ። የቡድኑ መሪ ወንድም ማቴዎስ ዓይናቸውን ገለጡና ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ተመለከቱት።

«ወንድም ታደሰ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እትዬ አንገታቸውን ደፉ። ጋሼ ግን «ሰርጋችን ነው» አሉ።

ማንም አልሣቀም። ጋሼ ቀስ ብለው ቀጠሉ። የተጋቡት በደርግ ጊዜ፣ ቸርቹ ታሽጎ ሳለ ነው። አክስታቸው ጓዳ ውስጥ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ። ጎረቤቱ የቀበሌ ሰው ስለነበር መዝሙሩን በከንፈር ብቻ ዘመሩት። «ያጨበጨበ የለም፣ እልል ያለ የለም» አሉ። «አስቴር በዚያ ቀን ነጭ ለብሳ እንኳ ከጓዳ አልወጣችም። ይሄን ሳይ የቀረብንን ያየሁ ይመስለኛል።»

ወንድም ማቴዎስ በዚያ ዘመን ታስረው የወጡ ሰው ነበሩ። ጎንበስ ብለው ካላንደሩን አነሡ፣ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ጸሎቱም ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልተሰቀለም።

የሥዕሉን ታሪክ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ሃይስኩል ስገባ ላይብረሪ ውስጥ፣ መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። አንድ ፈረንሳዊ ከመቶ ዓመት በፊት የሣለው ነው፣ ሴትዮዋ በልጅነቷ ሰርከስ ትሠራ ነበር፣ ኋላ ራሷ ሰዓሊ ሆነች፤ ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሙዚየም ገብቷል አልኋቸው። ጋሼ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ታዲያ አገባት?»

«ለሥዕሉ ብለው ነው አብረው የቆሙት፣ ጋሼ።»

«ተይ እንጂ!» አሉ። «እነሱ ሳይጋቡ ጨፈሩ፣ እኛ ሳንጨፍር ተጋባን።» ከዚያ ቀና ብለው «ዋናው አለ ማለት ነው? አንድ ቀን ከአስቴር ጋር ፊቱ እቆማለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስንገናኝ ሁልጊዜ ስለ ዋናው ይጠይቁኝ ነበር።

ዋናው ለኤግዚቢሽን ሜልበርን መጣ። ያኔ ነርስ ሆኜ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር እኖራለሁ። ለሦስታችን ትኬት ቡክ አደረግሁ፤ ግን ለመጀመሪያው ሳምንት አይደለም። ሺፍቴ አልመች ስላለኝ ወደ ኋላ ገፋሁት። ቀናችን ሁለት ቀን ሲቀረው ከተማዋ በኮሮና ምክንያት ዳግመኛ ሎክዳውን ገባች። ጋሼ በስልክ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እነሱም እንደኛ ቤት ተቀመጡ» ብለው ሣቁ። ሥዕሉ በሣጥን ታሽጎ አገሩ ገባ። በዓመቱ ጋሼ በተኙበት ዐረፉ። ያቺን አንድ ሺፍት መለወጥ እችል ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ትራሙን ያየሁ ቀን በቀጥታ እትዬ ዘንድ ወጣሁ። ተመልሶ መጥቷል አልኋቸው። በነጋታው ቀይ ሻርፓቸውን አድርገው፣ ክንዴን ይዘው አብረን ወደ ሙዚየሙ ሄድን።

ሥዕሉ ካሰብሁት በላይ ትልቅ ነበር፤ ሰውየው የሰው ቁመት ያህላል። ቆመን ሳለ አላስችል ብሎኝ ተናዘዝሁላቸው።

«እትዬ፣ ያኔ ሺፍቴን መለወጥ እችል ነበር።»

«ታዴ ያውቅ ነበር» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሥዕሉ ሳይነቅሉ። «እንዳታነሺባት፣ ልጅቷ ይከብዳታል ብሎኛል።»

እሳቸው ወደ ሥዕሉ ተጠጉ፣ አሁንም ተጠጉ፣ እጃቸውን ወደ ሰውየው ትከሻ አነሡ። ጠባቂው ወጣት ፈጠን ብሎ መጣና በትሕትና ወደ ኋላ እንዲሉ ለመነ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«አይነካም ነው የሚለው።»

«ሰርጌ ነው በይው።»

ነገርሁት። ልጁ እሳቸውንም ሥዕሉንም አየና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ። እትዬ እጃቸውን አወረዱ፤ ግን ከነበሩበት አልተነቃነቁም።

ስንመለስ የቤታቸውን ሥዕል ከግድግዳው አስወርደው ሰጡኝ። «አደራ ነው» አሉኝ። «ባለቤቶቹ ታርቀው ከመጡ ትመልሻለሽ።» አሁን ትሩጋኒና፣ ከሶፋዬ በላይ ተሰቅሏል። በሩ ሲንኳኳ፣ ከመክፈቴ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አየዋለሁ።