በቡና መጋዘን የተወለዱ ከዋክብት

ፖሊሱ በሩን ከውጭ ሲቆልፈው መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው፤ ሳይፈለፈል የደረቀ ቡና፣ ጀንፈል፣ አሮጌ ጆንያ፣ እርጥብ ሲሚንቶ። ሚዛን ከተማ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ሞልቶ ስለነበር ሴቶቹን ያጎሩን ባዶ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ጥፋቴ ተማሪዎቼን ሲመሽ ሜዳ ላይ ሰብስቤ ሰማይ ማሳየቴ ነበር። መሰብሰብ የተከለከለበት ሰሞን ነው። ፖሊስ ሲመጣ እነሱ ሮጠው አመለጡ፤ እኔ ተያዝኩ።

ጠዋት አጠገቤ የነበሩት አንዲት ከሸኮ የመጡ ቡና ነጋዴ ምን ስናይ እንደነበር ጠየቁኝ። ዓይናፋር ነኝ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ድምፄ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። በሹክሹክታ የከዋክብት ክምችት አልኳቸው። ሳቁብኝ። እሳቸው የታሰሩት በምላሳቸው እንደሆነ ነገሩኝና እስቲ አሳዪን አሉ።

ከወለሉ ላይ የቡና ፍሬና ገለፈት ጠራርጌ ሁለት ክምር ሠራሁ፤ አንዱን ጥቅጥቅ፣ ሌላውን ሳሳ አድርጌ። ኮከብ ብቻውን አይወለድም አልኩ። ግዙፍ የጋዝ ደመና በራሱ ስበት ይሰበሰባል፤ እየተኮማተረ ሲሄድ ሆዱ ውስጥ እልፍ ከዋክብት ባንድነት ይበራሉ። ፍሬው ኮከብ፣ ገለፈቱ የተረፈው ጋዝ ነው። ትልልቆቹ ከዋክብት ጋዙን በንፋሳቸው ጠርገው ያባርሩታል።

«እንግዲያ እፍ እንበልበታ» አሉ ነጋዴዋ።

ተደፍተን እፍ አልን። ገለፈቱ በነነ። የሳሳውን ፍሬ በጣቴ በተንኩት፤ በእፍታ አይሄድማ። ጋዙ ሲሄድ ስበቱ ይላላል፣ ሳስተው የተወለዱት በጋላክሲው ይበተናሉ። ጥቅጥቆቹ ግን ተያይዘው ቢሊዮን ዓመታት ይኖራሉ፤ ጋላክሲው ከዳር ከዳር እየሸረፋቸውም ቢሆን። ድምፄ ከግድግዳው ሲመለስ ሰማሁት። ጥግ የነበሩት ሁሉ ተጠግተዋል። አንዷ ስለ ፀሐይ ጠየቀች። እሷም ወንድሞችና እህቶች ሳይኖሯት አልቀረም፣ ተበታትነው አሁንም እየተፈለጉ ነው አልኳት።

«እነሱም ይፈለጋሉ?» አሉ ነጋዴዋ። መጋዘኑ በሳቅ ሞላ።

በሩ ተከፈተ። መርማሪው ነው። የተማሪዎቹን ስም ከነገርኩት ዛሬውኑ ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ።

ተነሣሁ። ድምፄ ገና እንደጋለ ነበር።

«የጠራኋቸው እኔ ነኝ። የእኔ ስም ይበቃል። አሁን ትምህርት ላይ ነን፤ ስንጨርስ ልምጣ?»

አየኝ። ክምሩን በጫማው በታትኖ ወጣ፣ በሩንም ቆለፈ። ነጋዴዋ ፍሬዎቹን እየለቀሙ «ቀጥዪ፣ ቲቸር» አሉኝ።

ከብዙ ሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። አሁን ቴፒ አስተምራለሁ። የዚያን ምሽት ሜዳ ላይ ከነበሩት አንዷ ማሻ ከተማ ነርስ ሆናለች። ስሟን ተጠይቄ እንደነበር አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። ባለፈው መናኸሪያ ስንገናኝ ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ሕፃን ስም ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ፣ ሰው መሀል፣ ጮክ ብዬ ጠራሁት።