እማማ እልፍነሽ ውል ሲዋዋሉ

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በአዳማ ጠራራ ፀሐይ የእርጥብ ኖራ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ከመጣ እናቴ «ደግሞ ማንን አስወጡ?» ትል ነበር። ጎረቤታችን እማማ እልፍነሽ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር ክፍሉን ኖራ ያስቀባሉና።

እማማ ክፉ አከራይ አይደሉም። ለታመመ ተከራይ አጥሚት ያፈላሉ፣ ለወለደች ገንፎ ያገነፋሉ። ዳሩ ግን ሰውን ፊት ለፊት «ልቀቅ» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ስለዚህ ውሃ የሚያባክን ወይም ሰላምታ የሚነፍጋቸው ሲገጥማቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ልጄ ማናሴ ከአርሲ ነገሌ ሊመጣ ነው፤ ማረፊያ ያሻዋል» ይላሉ። ተከራዩም ዕቃውን ይሸክፋል። ማናሴ ግን ለሥራ ብሎ ከሄደ ወዲህ ያንን ደጅ ረግጦ አያውቅም። በሰፈራችን «ማናሴ መጣብኝ» ያለ ሰው ቤት ሊለቅ ነው ማለት ነው።

አምና ልብስ ሰፊዋ ዙለይካ ገባች። ባለቤቷ አብዱናሲር ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለስ ሾፌር ነው። ደንበኞቿ ደጇን ከለመዱ በኋላ አንድ ቀን ቧንቧውን ሳትዘጋ ረሳችና እማማ ስለ ማናሴ ማውራት ጀመሩ። ዙለይካ ደነገጠች፤ ክፍሉን ካጣች ደንበኞቿንም ማጣቷ ነው። ቢሆንም አልተጣላችም፤ ኪራዩ በጽሑፍ ይሁንልኝ አለች። እማማ ቅር አላቸው። ሰውን በቃል እንጂ በወረቀት አስገብተው አያውቁም፤ ወረቀት የሚጠይቅ ያላመነኝ ነው ብለው አኮረፉ። ጎረቤቱ ሁሉ ተዋውሏል ብንላቸው ጊዜ በግድ እሺ አሉ።

ውል ጸሐፊው አቶ ጆቴ መጡና ዙለይካ ክፍል ተሰበሰብን። እኔ እማኝ ነበርኩ። እማማ ቀድመው፣ ተከራይዋ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ» ሳትል ከግቢ እንዳትወጣ ይጻፍልኝ አሉ። አቶ ጆቴ ሳል የሚመስል ነገር አሰሙና ጻፉት። ዙለይካም ኪራዩ ሁለት ዓመት እንዲጸና፣ አከራይዋ ቤቱን ከፈለጉት አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ አስጻፈች። ቀጥላም በመርፌ ትራሷ ላይ መርፌዋን እየሰካች፣

«ደግሞ ጋሽ ጆቴ፣ ልጄ ሊመጣ ነው ካሉኝ ልጁ በአካል ይቅረብ። ፊቱን ሳላይ ንቅንቅ አልልም» አለች።

ሁላችንም ሳቅን። እማማም አብረውን ሳቁ፤ ከሁላችን ቀድመው ግን ዝም አሉ።

«ጻፈው ጆቴ፣ ደግ ብላለች» አሉ። ከዚያም ወደ ዙለይካ ዞረው፣ «ማናሴ በውል የሚመጣ ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ እኔ ገና ድሮ አስፈርሜው ነበር» አሏት።

ዙለይካ መርፌ ትራሷን አስቀመጠች። ይሰረዝ ልትል አፏን ስትከፍት እማማ እስክርቢቶውን ተቀብለው ስማቸውን እስከ አያታቸው ድረስ፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ ሌላ ጊዜ ምርቃታቸው በር ላይ የሚያቆመን ሴት፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጥተው ሄዱ።